ግራ እግሯ የት ነበር?

አንድ የሰርቪስ ሹፌር ነበረ። የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞችን ጠዋት ያመጣል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደየሰፈራቸው ይመልሳል። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቀርቶታል።

ሰርቪሱ የሚቆምባቸው ቦታዎች የተወሰኑ ናቸው፤ በመንገዱ ላይ ያለው ድልድይ ከእነሱ አንዱ አይደለም። ሆኖም በዚያ ሰፈር የሚኖሩት «ጋሼ፣ ወራጅ አለ!» ሲሉት ቀስ ይልና በሩን ይከፍታል፤ ሳይቆም ያወርዳቸዋል። ይህ ክፋት ነበር? አልነበረም። ደግነት ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አልተጎዳም።

አንድ ማክሰኞ ትርንጎ የምትባል የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ እዚያው ስትወርድ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

በሦስተኛው ቀን የአስተዳደር ኃላፊው አቶ መኩሪያ ሹፌሩን አስጠራውና ቅጽ ሰጠው።

«ሰርቪሱ ላይ እያለች ከወደቀች የሥራ ላይ ጉዳት ነው፤ ሕክምናዋም ካሳዋም በእኛ ነው። ወርዳ በእግሯ ስትሄድ ከሆነ ግን የራሷ ጉዳይ ነው። ሌሎቹ የዞሩት ጩኸት ሰምተው ነው። በመስታወት ያየሃት አንተ ብቻ ነህ፣ ጋሽ ደርብ። ወርዳ ነበር አይደል?»

ሹፌሩ «ነገ እመልሰዋለሁ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ትርንጎ ቤት ሄደ።

«ና ግባ ጋሼ!» አለችው ከአልጋዋ ሆና። «ድልድዩ ጋ ቆማ የማታውቅ መኪና፣ እኔ ስወድቅ ቀጥ አለች አሉ!»

እሱ አልሳቀም። «እንዴት እንደወደቅሽ ታስታውሻለሽ?»

«ምኑን! ሆስፒታል ነው የነቃሁት። አንተ ያልከውን እላለሁ፤ አንተ መቼ ትዋሻለህ?»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቢዋሽ የሚያጋልጠው የለም። የተጎዳችው ራሷ ታምነዋለች። እሱ ግን ያየውን ያውቃል፤ ቀኝ እግሯ አየር ላይ ነበር፣ ግራ እግሯ ደረጃው ላይ፤ ጎማው እየዞረ ነበር።

በማግስቱ ቅጹን መለሰ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበረበት፦ «ስትወድቅ ግራ እግሯ ደረጃው ላይ ነበር። መኪናው አልቆመም ነበር። በማይወረድበት ቦታ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

አቶ መኩሪያ ሁለት ጊዜ አነበበው። «የመጨረሻውን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ያለ እሱ ግን ጥፋቱ ወደ እሷ ይዞራል። ‹ማን ዝለይ አላት?› ትላላችሁ።»

ትርንጎ ታከመች፣ ካሳዋም ተከፈላት። ሹፌሩ ከመሪው ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ፤ ጡረታውን የጠበቀው ካርቶን ሲቆጥር ነው።

እናንተስ? ስለ ሌላው ሰው እውነት መናገር ብዙም አይከብደንም። ማን ምን እንዳደረገ፣ ማን የት እንደወደቀ በዝርዝር እንናገራለን። በሩን የከፈተው እጅ የእኛ ሲሆን ግን ዓረፍተ ነገሩ ያጥርብናል። «አልዋሸሁም» እንላለን። እውነት ነው፤ አልዋሸንም። ዝም አልን እንጂ።

በደግነት የጀመራችሁት፣ ሌላ ሰው የተሰበረበት ነገር የለም? በእናንተ ዝምታ ጥፋተኛ ተብሎ፣ እስከ ዛሬ ግን እናንተን የሚያመሰግን ሰው የለም?

ካለ፣ ቤቱን ታውቁታላችሁ። ስለ እሱ መጸለዩን ለጊዜው ተዉትና ሄዳችሁ ንገሩት።