የስንዱ ልጅ ክርስትና እናት

በአንድ ወቅት፣ ሰዎች በአፋቸው በሚናገሩት ቋንቋ ሳይሆን ኮምፒውተር በሚያዙበት ቋንቋ የሚናቆሩበት አንድ የደም ባንክ ነበር። ደም ሲጠፋ ለጋሾችን በስልክ መልእክት የሚጠራውን ፕሮግራም የሚጽፉት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ወይንሸት፣ ፌቨንና ኤፍራታ። የባጃጅ ሹፌሩ ደርበው እንዲህ ያሉ ሰዎች መኖራቸውንም አያውቅም ነበር። ያወቀው ሚስቱ ስንዱ ሴት ልጅ ወልዳ ደሟ አልቆም ባለ ዕለት ነው። ሐኪሙ የእሷ ዓይነት ደም ሆስፒታሉ ውስጥ እንደሌለ ነግሮት ወደ ደም ባንኩ ላከው።

ቀኑ ጳጉሜን አንድ ነበር። ፌቨን የስንዱን የደም ዓይነት ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባች፤ «ብቁ ለጋሽ የለም» የሚል መልስ ወጣ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ የያዘች ከተማ አንድ ለጋሽ አጣች ሲባል ደርበው ጆሮውን አላመነም።

ከሦስቱ ታላቅ የሆነችው ወይንሸት ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ፕሮግራምሽ ጳጉሜን አያውቅም» አለች። «ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚለው፤ ዛሬን ስለማያውቅ ማን ደም ለመስጠት ጊዜው እንደደረሰ ማስላት አይችልም። ገና ስትጽፊው አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ ወይንሸት?»

«የእርስዎ ቋንቋ ሙዚየም ይግባ ስትዪ መች ምክር ጠየቅሽኝ?»

ከዚያማ የቱ ቋንቋ ይፈጥናል፣ የቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ማን በየትኛው መሣሪያ ይጽፋል የሚል ንትርክ ተጀመረ። ደርበው ደሙ ፈላ። ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ፣ «ሚስቴ እየሞተች ነው። ለጸባችሁ ነገም ቀን አለ» አላቸው። ሦስቱም አፈሩ። ካፈሩ በኋላ ግን ሦስቱም ሥራ መሥራታቸው ሊካድ አይገባም።

ወይንሸት ፒኤችፒ በሚባለው አሮጌ ቋንቋ የጻፈችውን ፕሮግራም እንድታጠፋው ከታዘዘች ቆይታለች። እሺ ብትልም አላጠፋችውም። አሥራ ሦስቱንም ወር ራሷ እያሰላች ያስገባችበት ልፋቷ ነው፤ እጇ እንቢ አላት። ጥግ ላይ የተጣለውን ኮምፒውተር አስነስታ ከፈተችው፤ የለጋሾቹ ስም ወዲያው ተዘረዘረ። ያ ፕሮግራም ግን የአንዱን መልስ ሳያገኝ ሌላውን አይጠራም፤ ስንዱ ደግሞ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም።

ፌቨን አዲሱን ፕሮግራም ራስት በሚባለው ቋንቋ የጻፈችው ለታይታ አልነበረም። በአሮጌው ፕሮግራም ጊዜ፣ ለጋሾች ተራ በተራ ሲጠሩ የአንዲት እናት ሕይወት አልፏል፤ ያን ዕለት ፌቨን ስታለቅስ ያላያት የለም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚጠራ ሠራች። የቀን መቁጠሪያውን ግን ተዘጋጅቶ ያገኘችውን የፈረንጅ ከኢንተርኔት አውርዳ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ነው የሰካችው። አሁን ያንን የኮራችበትን ሥራ ገነጠለችው፤ መልእክት የሚልከውን ክፍል ብቻ ለይታ አወጣች።

ኤፍራታ የምትምልበት ቋንቋ የላትም። የምትጽፈውን ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለውን ማሽን እየለመነች ስለምታስጽፍ ሁለቱም «ለማኝ» ይሏታል። የወይንሸትን ስም ዝርዝርና የፌቨንን መላኪያ የሚያገናኝ ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም አንዷ የሌላዋን ሥራ ለመንካት ሲያቅማሙ፣ ኤፍራታ የለጋሾቹን ስምና ስልክ እንዳለ ለማሽኑ ሰጠችው። ማሽኑ ማገናኛውን ጻፈላት። ምን እንደጻፈ ሳታነብ፣ ፈቃድም ሳትጠይቅ አስነሳችው። የለጋሾቹ ምስጢር የማን ቤት እንደገባ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሳይቆይ ለጋሾች መጡ፤ አንዷ እንዲያውም የሥራ ሽርጧን ሳትፈታ ነው የደረሰችው። ስንዱ ዳነች።

ስንዱ እናትም እህትም የላትም። ሞትን በዓይኗ ካየች ወዲህ ልጇን ያለ እሷ ማን እንደሚያሳድግላት ማሰብ ትታ አታውቅም። ስለዚህ ደርበውን፣ «ያዳነችኝ ክርስትና ታንሳልኝ። እኔ ራሴን አላውቅም ነበር፤ አንተ ታውቃታለህ» አለችው።

ደርበው ግን ባሰበው ቁጥር ንዴቱ ይመለስበታል። አንዷ እያወቀች ዝም አለች፤ አንዷ ሳታውቅ አልጠየቀችም፤ አንዷ አላወቀችም፣ አልጠየቀችም፣ ዝም ብላ ቁልፉን ተጫነችው። አንዲት ቃል በጊዜዋ ተነግራ ቢሆን ኖሮ ስንዱ ለሞት ባልቀረበች ነበር። የሰው ነፍስ በእጃቸው ይዘው የሚናናቁት ለምንድን ነው? ደግሞ ሚስቱ ቤቱ ውስጥ ልጇን ስታጠባ ያያል፤ ያን ጊዜ ከሦስቱ አንዷ ብትጎድል ይህን እንደማያይ ያውቃል።

ልጅቷ ክርስትና በምትነሳበት ጠዋት፣ የስንዱን ቃል የሰሙት ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መጡ።

«የኔ ስም ዝርዝር ባይኖር ማንን ትጠሩ ነበር?» አለች ወይንሸት።

«አንድ በአንድ ቢጠሩ ይደርሱላት ነበር?» አለች ፌቨን።

«እኔ ባላገናኛችሁ እስከ አሁን ትጨቃጨቁ ነበር» አለች ኤፍራታ።

ደርበው ሊያባርራቸው ፈለገ፤ ስንዱ አጠገቡ በሕይወት ቆማ እያየችው እንዴት ብሎ? ክርስትና እናት ደግሞ አንዲት ናት፤ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ እናቴ የምትላት፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የምትጠጋት። ቄሱ ከውስጥ ወጥተው የምታነሳት የትኛዋ እንደሆነች ጠየቁ። ሦስቱም ክንዳቸውን ዘረጉ።

እስኪ እናንተ ፍረዱ፤ በደርበው ቦታ ብትቆሙ፣ ሕፃኗን የምታሳቅፏት ለማንኛዋ ነው?