የስንዱ ጎባጣ መኳያ

ጠጋ በሉ፣ ተረት ይዣለሁ። የሚያቋርጠኝ ካለ ግን ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው።

ሙሽራ የምታስውበው ስንዱ አንገቱ ጎበጥ ያለ የኩል መኳያ ብሩሽ ሠራች። ጉንጭ ላይ ይደገፋል፣ እጅ ቢንቀጠቀጥም ዓይን አይወጋም። ይህን ያየ አንድ ነጋዴ "የኔ ፈጠራ ነው" ማለት ጀመረ። ስንዱ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ፈጠራው የእሷ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት።

"ወረቀት ሆይ፣ ስሜን ያዝልኝ" አለችው።

"ማህተም ካላረፈብኝ አልይዝም" አላት።

ማህተሙን ለመነችው። "የፈጠራ መርማሪው ካላነሳኝ አላርፍም" አላት።

ወደ መርማሪው ሄደች፤ መነጽሩን አወለቀ። "እህቴ፣ መኳያ ድሮም አለ፣ ጎባጣ እጀታም ድሮም አለ። ሁለቱን ማጋጠም ለባለሙያ ግልጽ ከሆነ ፈጠራ አይባልም። ባለሙያ አምጪና ይናገር።" መርማሪው ካላነሳ ማህተሙ አያርፍ፣ ማህተሙ ካላረፈ ወረቀቱ ስም አይዝ።

አርባ ዓመት ብሩሽ ወደሠሩት ወደ ጋሽ ቸኮል ሄደች።

"ይሄማ ግልጽ ነው" አሉ ኮራ ብለው። "ጊዜ አጥቼ እንጂ እኔም እሠራው ነበር። ለማንኛውም ጥሪ አለብን፤ ባለቤቴ ጌጤነሽ ሳትነሳ ከቤት አልወጣም።"

ቸኮል ካልወጡ መርማሪው አያነሳ፣ መርማሪው ካላነሳ ማህተሙ አያርፍ፣ ማህተሙ ካላረፈ ወረቀቱ ስም አይዝ። ቢወጡስ ምን ሊሉላት ነው? ስንዱ ወደ ጌጤነሽ ገባች።

የጋሽ ቸኮል ባለቤት እትዬ ጌጤነሽ መስታወት ፊት ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። "ካልተኳልኩ አልነሳም" አሉ። "እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የእሱ መኳያ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ዓይኔን ይወጋኛል።"

ጌጤነሽ ካልተነሱ ቸኮል አይወጡ፣ ቸኮል ካልወጡ መርማሪው አያነሳ፣ መርማሪው ካላነሳ ማህተሙ አያርፍ፣ ማህተሙ ካላረፈ ወረቀቱ ስም አይዝ።

ስንዱ ጎባጣውን ሰጠቻቸው። ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው ሳብ አደረጉት። አንዱ ዓይን ተኳለ፣ ሁለተኛውም ተኳለ፣ እንባ የለም። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ።

"አርባ ዓመት ሙሉ ሳለቅስ እያየህ፣ ግልጽ ከነበረ ለምን አልሠራህልኝም?"

ጋሽ ቸኮል መኳያውን አገላበጡት። "እውነቱን ለመናገር፣ ጌጤ፣ አልታየኝም" አሉ።

ጌጤነሽ ተነሱ፣ ቸኮል ወጡ፤ መርማሪው ፊት ቆመውም ያንኑ ደገሙት። "አልታየኝም።"

"ለእርስዎ ካልታየ ለማን ሊታይ ኖሯል?" አለ መርማሪው። ማህተሙን አነሳ፣ ማህተሙ አረፈ፣ ወረቀቱ ስም ያዘ፤ ስንዱ የሚል።

ተረቴን መልሱልኝ። መኳያውን ግን አደራ፣ ባለቤት አለው።