አልጋ ሥር ያለው ጆንያ

አንድ ሰው መኪና ገዛ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» ትሉኛላችሁ። ቆዩኝ። የገዛው አሮጌ አይደለም። ሦስት ባለቤት የተፈራረቀበት፣ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰለት አይደለም። አዲስ ነው! ከአስመጪው ድርጅት፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ። እስቲ ከመካከላችሁ አዲስ መኪና ከነላስቲኩ የተረከበ እጁን ያውጣ። አላየሁም። እኔም አላወጣሁም፤ እኔ መኪና የማውቀው ከተሳፋሪ ወንበር ነው።

የሰውዬውን ስም አልነግራችሁም። የአዳማ ሰው ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው። «ፓስተር፣ ንገርላቸው፤ ስሜን ግን ተወው» ብሎኛል። ስለዚህ ዙሪያችሁን አትቃኙ፤ እዚህ የለም።

መኪናውን ሲያስረክቡት አንዲት ትንሽ ደብተር ሰጡት፤ የዋስትና ደብተር። ነገሯ አጭር ነው። ለሦስት ዓመት፣ ከፋብሪካው የመጣ ብልሽት ቢያጋጥምህ እኛ አለንልህ። ያንተ ድርሻ ደግሞ በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ቃሊቲ ወዳለው ጋራዣችን ማምጣት ነው፤ ሞተሩን ሌላ ሰው አይነካውም። በቃ። ሰውዬው ፈረመ፤ ደስ ብሎት ፈረመ።

ደስታውስ ስንት ቀን ቆየ?

አሥራ አንድ ቀን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ ፍጥነት መንገዱ ላይ አንድ ቀለሙ የለቀቀ አሮጌ መኪና ሽው ብሎ አለፈው። ሰውዬው ነዳጁን ረገጠ። መኪናው እንደ ተሠራበት ሄደ እንጂ እንደ ልቡ አልሄደለትም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣ። ቆሞ ሲጠብቅ እግሩ ይርገበገባል፤ ምሳ ሲበላ ስለ ሞተር ያነባል። ደህና የነበረው መኪና ዓይኑ እያየ አነሰበት።

አዳማ ውስጥ በዳሳ የሚባል፣ በሞተር ሥራ ስሙ የተጠራ መካኒክ አለ። ሰውዬው «ዝም ብዬ ልጠይቅ» ብሎ ሄደ። «ዝም ብዬ ልጠይቅ» ብላችሁ የሄዳችሁበትን ቦታ እናንተም ታውቁታላችሁ! በዳሳ ኮፈኑን ከፈተ፣ ላፕቶፑን ሰካ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ጌታው፣ ይሄ ሞተር እኮ ታስሮ ነው የተሰጠህ» አለው። «ጉልበቱን ደብቀውብሃል። የሞተሩን ኮምፒውተር ልክፈትልህ፣ የጭሱን ማውጫ ማርሚታውን ልቀይርልህ፣ ሰፋ ያለ የአየር ፍልትሮ ላስገባልህ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያልፍህ አያለሁ።»

«ዋስትናውስ?»

«ዋስትናውማ ይሄዳል። ምን ያደርግልሃል? አዲስ መኪና ይበላሻል እንዴ?»

ሰውዬው ቤቱ ገብቶ መመዘን ጀመረ። ቢከፈት ይበራል፤ ቢበላሽ ግን ማንም የለውም። ባይከፈት ዋስትና አለው፤ ግን አሮጌ መኪና ሁሉ ያልፈዋል። ጠዋት «ይከፈት» ይላል፣ ከሰዓት «ይቅር» ይላል። ጸሎት ላይ ይመዝናል፤ ስብከት ላይ ይመዝናል። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ከዚህ መድረክ ላይ ይታዩኛል፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፣ ልባቸው ኮፈን ሥር ነው።

ሚስቱ ወይንሸት መጨረሻ ላይ ሰለቻት። «ግን መኪናው ምን ጎደለው?» አለችው።

«ምንም አልጎደለውም።»

«ታዲያ?»

«ሊሆን የሚችለውን አልሆነማ!»

እስቲ ይህችን መልስ ያዙልኝ። ምንም አልጎደለውም፤ ግን አላረፈም። ስንቶቻችን ነን ምንም ያልጎደለው ቤት ውስጥ ተቀምጠን የምንቁነጠነጥ? ስንቶቻችን ነን ያለፈንን ሰው ጀርባ እያየን የራሳችንን ወንበር የጠላን?

በሳምንቱ በዳሳ መፍትሔ ይዞ መጣ። «ለምን ትጨነቃለህ? ሁለቱንም ያዝ!» አለው። «የፋብሪካውን ዕቃ አንጥለውም፤ በጆንያ አድርገህ ቤትህ አስቀምጠው። ሰርቪስ ሲደርስ በጠዋት ታመጣዋለህ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ። ከቃሊቲ ስትመለስ ደግሞ እንቀይረዋለን። ማን ያይሃል?»

ማን ያይሃል! ይህች ቃል ስንት ቤት አፍርሳለች?

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሞተር ማስከፈት ኃጢአት ነው አላልኩም። መኪናው የራሱ ነው። ያችን ደብተር ይዞ ሄዶ «ዋስትናችሁን ተረከቡኝ፣ እኔ ላስከፍት ነው» ቢል ኖሮ፣ ዛሬ እኔም ምሳሌ አይኖረኝም፣ እሱም ጤና ያገኝ ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንላለን። ብትጥለውስ ጥሩ ነበር፤ ቢያንስ አንዱ እጇ ባዶ ይሆናል። ይህ ሰው ግን የብብቱንም አልጥልም፣ የቆጡንም አልተውም አለ። መከራው የመጣው ከዚያ ነው።

ሞተሩ ተከፈተ። የፋብሪካው ማርሚታና ፍልትሮ በጆንያ ታስረው አልጋ ሥር ገቡ። «አልዋሽህም ፓስተር፣ በረረ» ብሎኛል። ኃጢአት ደስ አይልም የሚል ሰባኪ ካጋጠማችሁ አትመኑት። ደስ ይላል! ችግሩ ሰርቪስ ይደርሳል።

ሰርቪስ ደረሰ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጆንያውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ። በዳሳ መኪናው ሥር ገባ፤ ፈታ፣ ገጠመ፣ ላፕቶፑን ሰካ። ሰውዬው በሦስት ሰዓት ቃሊቲ ደረሰ፤ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ የፋብሪካ ልጅ ሆኖ። የጋራዡ ኃላፊ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየና ሠራተኞቹን ጠራ። «ኑ እዩ! መኪና መያዝ ማለት እንዲህ ነው» አላቸው።

ሰውዬው ምን ተሰማው መሰላችሁ? «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» ነው ያለኝ።

ወደ አዳማ ተመለሰ፤ እንደገና ተፈታ፣ እንደገና ተገጠመ። አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር፤ ጆንያው ወጣ። አሥራ አምስት ሺህ፤ ወጣ። ሃያ ሺህ፤ ወጣ። ብሎኑ እንኳ ደክሞት ጥርሱ ተበላ። ሰውዬውስ? መኪናው ኮሽ ባለ ቁጥር ይደነግጣል። የማያውቀው ቁጥር ሲደውልለት ላብ ያጠምቀዋል። ዋስትና አለው፣ ግን አይተማመንበትም። ፍጥነት አለው፣ ግን አይደሰትበትም።

አንድ ቀን ስልኩ ጠራ። «ሔራን እባላለሁ፣ ከመኪናው ድርጅት ነው። መኪናዎን ባስቸኳይ ይዘውልን እንዲመጡ ነበር...»

«ስብሰባ ላይ ነኝ!» ብሎ ዘጋው።

ምን ስብሰባ? መደብሩ ውስጥ ቆሞ ሚስማር እየመዘነ ነበር! «ደረሱብኝ» አለ በልቡ። ወደ በዳሳ ሮጠ፤ በዳሳ ለወንድሙ ሠርግ ነገሌ ሄዷል፣ ሦስት ሳምንት አይመለስም። እንግዲህ ጆንያውን ማን ይገጥምለት? «በዳሳ ይምጣና፣ ተስተካክዬ እሄዳለሁ» አለ። ሔራን በማግስቱ ደወለች፤ አላነሳም። መልእክት ላከች፤ ሳያነብ አጠፋው። መጨረሻ ላይ ቁጥሯን ስልኩ ላይ መዘገበው። በምን ስም መሰላችሁ? «አታንሳ» ብሎ።

በዚያው ሰሞን ወይንሸት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቅዳሜ አሰላ እናቷ ዘንድ ወሰዳት፤ እሑድ ከሰዓት ይዟት ተመለሰ። ኢተያን አልፎ ወደ ዴራ ሲወርድ፣ ከፊቱ የጭነት መኪና ዘገየ። ፍሬን ያዘ።

እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ። ምንም የለም! ደግሞ ረገጠ፤ ምንም የለም። ያ ያስከፈተው ጉልበት ሁሉ ቁልቁለቱን ይዞ ይጋልባል። ወይንሸት «ኢየሱስ!» ብላ ጮኸች። ማርሹን ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ከመንገዱ ዳር ሠራተኞች የከመሩት አሸዋ ነበር፣ መሪውን ወደዚያ ጠመዘዘ። መኪናው እስከ መስታወቱ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ወይንሸት ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እየጠበቀች ነበር። ሰውዬው ሊነካት ፈለገ፣ ፈራ። እሱም አብሯት ጠበቀ። «ያቺን ደቂቃ ጆንያ ከደበቅኩበት ጊዜ ሁሉ ጋር ብትመዝናት ትከብዳለች» ብሎኛል። ኋላ ሕፃኑ ረገጣት። አለቀሰች።

ከዚያ ለወንድሟ ልትደውል ስልኩን ተቀበለችው። ስክሪኑን አየችና ቀና አለች። «"አታንሳ" ማነው? አሥራ ሰባት ጊዜ ደውሏል።»

ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። እሷው ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ።

«እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን ደወሉ» አለች ሔራን፤ ያን እሑድ ቤቷ ሆና ነው ያነሳችው። «ስለ ፍሬኑ እኮ ነው የምንደውለው። ከፋብሪካው ችግር ያለበት የፍሬን ዘይት ቱቦ ተገጥሞ መጥቷል፤ የሁሉንም ደንበኛ እየቀየርን ነው። እርስዎ ብቻ ነው የቀሩን።»

ወይንሸት ባሏን አየችው። «ፍሬን ሊያበጁልህ ነበር የሚደውሉት?» አለች ቀስ ብላ።

ሰውዬው ስልኩን ተቀበለ። «እኔ ግን... ሞተሩን አስከፍቼዋለሁ። ዓመት አልፎታል። የናንተን ዕቃ ደብቄ...»

«የሞተሩን ሲመጡ ይነጋገሩበታል» አለችው። «የፍሬኑን ግን ለማንም እንቀይራለን። ምንም ቢያደርጉ። እባክዎ፣ ሌላ ሰው አይንካው፣ እንዳለ ያምጡት።»

እንዳለ ያምጡት!

ሰኞ መኪናው ተጭኖ ቃሊቲ ገባ። ሰውዬው ጆንያውን በትከሻው ተሸክሞ ከኋላው ገባና ኃላፊው እግር ሥር አራገፈው። ኃላፊው ማርሚታውን አየ፣ ሰውዬውን አየ። የዋስትና ደብተሩን ተቀብሎ የሞተሩን ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ጥፋት ዋጋ አለው፤ የለውም አልላችሁም። ከዚያ «ፍሬኑ ሐሙስ ይደርሳል» አለው።

«ከሁለት ያጣ ሆንኩ ብዬ ነበር» አለኝ ሰውዬው። «ግን ወደ አዳማ በአውቶቡስ ስመለስ፣ ገና ቱሉ ዲምቱ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። የእሱማ ልብ አርፏል፤ ዛሬ የማያርፈው የእናንተ ነው።

እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአልጋ ሥር የምትጎትቱት ምንድን ነው? ሚስቱን ሲሰድብ ከርሞ እሑድ የፋብሪካውን ማርሚታ ገጥሞ፣ ድምፁን አለስልሶ «ጌታ ይባርክህ ወንድሜ» የሚለኝ ማነው? ሽማግሌዎች፣ አትሳቁ፤ እናንተም ጆንያ አላችሁ። እኔም አለኝ። እኛም እንደዚያ ኃላፊ «ኑ እዩ፣ ክርስቲያን ማለት እንዲህ ነው» ብለን አጨብጭበንላችኋል፤ ጭብጨባውም አቁስሏችኋል።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል፤ ኋላ እንዳትይዙኝ። የሠራን ጌታ እንደ ፋብሪካው አይሳሳትም። ግን ሲጠራን የምንሸሸው አንድ ዓይነት ነው። ሊቀጣኝ ነው ብለን እንሸሻለን፤ እሱ የሚደውለው ስለ ፍሬናችን ነው! ቁልቁለቱ ከፊታችን እንዳለ ስለሚያይ ነው።

«በዳሳ ይምጣና» አትበሉ። «ትንሽ ልስተካከልና» አትበሉ። «ጾሙ ይግባ፣ ልጆቹ ይደጉ፣ ይህን ነገር ልጨርስና» አትበሉ። የአሰላው መንገድ በዳሳን አልጠበቀም። ደግሞም መኪናው ውስጥ ብቻችሁን አይደላችሁም፤ አጠገባችሁ ሆዷን ይዛ የተቀመጠች አለች።

አሥራ ሰባት ጊዜ ተደውሏል። አሁንም እየጠራ ነው፤ ቁጥሩንም ታውቁታላችሁ፣ «አታንሳ» ብላችሁ የመዘገባችሁት እናንተው ናችሁ።

አንሡት። ጆንያውን በትከሻችሁ አድርጉና፣ እንዳላችሁ ኑ።