ሁለት ጊዜ የተጣራው ድምፅ

በአንድ ወቅት፣ ጉም በማይለያት በደሴ ከተማ፣ ስንዱ የምትባል ዝምተኛ የልጅ እናት ነበረች። «ጭጋግ» የሚባል የስልክ ጌም ነፍሷ ነበር። ተጫዋቹ በጉም መሀል መንገድ ፈልጎ አንድ ቤት ይገባል፤ በሩን ሲዘጋ ከደጅ የልጃገረድ ድምፅ ይጣራል፦ «ክፈቱልኝ፣ እኔ ነኝ።» አንዴ ብቻ።

ድምፁ የጎረቤቷ የእትዬ አስካለ ልጅ፣ የማኅደር ነበር። ማኅደር ለጌሙ ድምፅዋን ሰጥታ ብዙም ሳትቆይ ታመመችና ሞተች። ጌሙም ገበያ አጣና ተዘጋ። ስንዱ ግን ልጇን እያጠባች በአንድ እጇ የሠራችው ድረ ገጽ ነበራት። የጌሙን መንገዶች፣ የሰፈር ልጆች የሣሏቸውን ሥዕሎች፣ ያንንም ድምፅ አስቀምጣበታለች። ጌሙ ሲጠፋ ድምፁ የቀረው እዚያ ብቻ ሆነ። ልጆቹ ሲመሽ እየከፈቱ አንዱ ሌላውን ያስፈራራበታል።

እትዬ አስካለ በየማታው ይሰሙታል። ከስልክ እንደሚመጣ ጠፍቷቸው አይደለም። ግን በዚያ ሰፈር ሲመሽ ከደጅ ለሚጣራ እስኪደግም አይከፈትለትም፤ አንዴ ጠርቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም ይባላል። እሳቸውም በሩ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ሁለተኛውን ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ስንዱን፣ «ምነው ልጄ አትደግምልኝም?» አሏት። «በሩ ዝግ ሆኖባት ተመልሳ ትሄዳለች እኮ።»

ስንዱም ቤቷ ገብታ ሁለቴ እንዲጣራ ድምፁን ቆርጣ ቀጠለችውና ድረ ገጹ ላይ መለሰችው። በማግስቱ ሲመሽ «ክፈቱልኝ፣ እኔ ነኝ» አለ። ዝም አለ። ደገመ። እትዬ አስካለ ተነሥተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ጉሙ ገባ። ከዚያን ቀን ወዲያ ያ በር ክፍት ሆኖ ከረመ።

ወሬው የጌሙ ባለቤት አቤኔዘር ዘንድ ደረሰ። ይህ ሰው የፈጠራቸውን ገጸ ባሕርያት ሌሎች ሰርቀው የቁማር ማስታወቂያ ሠርተውባቸው፣ ስሙ ጎድፎ ያውቃል። ድረ ገጹን አስዘጋና እትዬ አስካለ ቤት ድረስ መጣ። ስንዱም እዚያው ነበረች።

«ማስቀመጥሽን አይቼ እንዳላየሁ አልፌው ነበር» አላት። «መቁረጥ መቀጠል ግን ሌላ ነው። ማኅደር ያነበበችው እኔ የጻፍኩትን ነው። አንዴ ብቻ እንድትጣራ ያደረግኩትም እኔ ነኝ። የቅጂ መብቱ የእኔ ነው። ዛሬ ላንቺ ዝም ብል፣ ነገ ሌባው ሲመጣ ምን አፍ ይኖረኛል?»

ስንዱ ድምፁን ስልኳ ላይ አስቀርታ ነበር። ስልኩን ጨበጥ አድርጋ፣ «አንተ ጥለኸው ስትሄድ ማን አነሣው?» አለችው። «እኔ ባላስቀምጠው ኖሮ፣ ዛሬ የምትከለክለኝም ነገር አይኖርህም ነበር።»

ይህን ሲባባሉ የማኅደር ታላቅ እህት ሙሉወርቅ ከኮምቦልቻ ደረሰች። እናቷ ብርድ ላይ ተቀምጠው ሲያስሉ አየች።

«አንተ ፈጠርኩት ትላለህ፣ አንቺ አቆየሁት ትያለሽ» አለች። «የቀበርናት እኛ ነን! አላሳርፋት ብላችሁ ደግሞ እናቴን ልታስከትሏት ነው?»

ስልኩን ከስንዱ እጅ ነጥቃ ድምፁን አጠፋችው። በሩንም ዘግታ ቀረቀረችው። አቤኔዘር ደስ ያለው መስሎ ነበር፤ ወዲያው ግን «የእኔስ ቅጂ? እሱንም አጥፋ ልትዪኝ ነው?» አላት። «አዎ፣ ያንንም!» አለችው።

ሲከራከሩ መሸ። ከደጅ ድምፅ መጣ።

«ክፈቱልኝ፣ እኔ ነኝ።»

ስንዱ መጀመሪያ ልጆቹ ቀድተውት ይሆናል ብላ አሰበች። ጆሮዋን ጣለች፤ የልጅ ሣቅ የለም፣ ኮቴም የለም። አቤኔዘርን አየችው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

እትዬ አስካለ ተነሡ። መቀርቀሪያው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ሦስቱንም ዞር ብለው አዩ።

«ለይኸኛውስ ማናችሁን አስፈቅዳ ይሆን?»

አሮጊቷ ሁለተኛውን ይጠብቃሉ፤ ስንዱም ሳታውቀው ትንፋሽዋን ይዛ ትጠብቃለች።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ድምፁ ለማን ይገባል? ለፈጠረው፣ ላቆየችው፣ ወይስ ለቀበረችው? ደግሞ ቢጣራስ፣ ለእናቲቱ «ክፈቺ» ወይም «አትክፈቺ» የማለት መብት ያለው ከሦስቱ ማን ነው?