ስለ አለቃ የሚወራበት ቋንቋ

አቶ ጉልላት የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ለሥልጠና ውጭ አገር ደርሰው ከመጡ ወዲህ አማርኛ ይቀፋቸው ጀመር። ሠራተኛው ሁሉ ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ እንዲማር አዘዙና፣ አንድ ቀን ሊፈትኑት ክፍል ድረስ ገቡ። የመነጋገሪያውን ርእስም ራሳቸው መረጡት፤ “ስለ አለቃዬ።”

በረኛው ብድግ ብሎ “ማይ ቦስ ኢዝ ቬሪ ጉድ” አለ። አስተናጋጁም ይህንኑ ደገመ፤ ምግብ አብሳዩም እንዲሁ። አቶ ጉልላት ከራቫታቸውን እያስተካከሉ ፈገግ አሉ። ተራው ልብስ አጣቢዋ ጋ ሲደርስ ግን ጭጭ ሆነ። ያቺን ዐረፍተ ነገር እሷም ሸምድዳታለች፤ ልትላት አልፈለገችም እንጂ።

“ይኼን ሁሉ ጊዜ ተምረሽ ስለ እኔ አንድ ቃል ያቅትሽ? አሁኑኑ ካልተናገርሽ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም!” ብለው ጮኹባት።

“ኧረ ጌታዬ፣ ስለ እርስዎማ ሳናወራ የዋልንበት ቀን የለም። ግን እርስዎ ዞር ሲሉ ነው፤ እሱም በአማርኛ።”

“ታዲያ እሱኑ በእንግሊዝኛ ብትለማመዱት ምን አለበት?”

“መምህሩን ለምነናቸው ነበር” አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ፤ “ስድብ አላስተምርም አሉን።”