ኩሬውና የጨው እንግዶች

ስሙኝ፤ አልደግመውም።

ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነበር። ከመስቀል እስከ ግንቦት ጠብታ አልወረደም። ሰማዩ ነጭ፣ ነፋሱ ደረቅ ነበር። በቆላው ውስጥ አያ ኩሬ የሚባል ጥሩ ውሃ ነበር። አባ ይርዳው የሚባል ገበሬ ኩሬውን ተማምኖ ከጎኑ ማሽላ ዘራ።

አንድ ቀን አሞሌ ጨው እየተንከባለለ መጣ።

«አያ ኩሬ፣ የከብት ምላስ ሊጨርሰኝ ነው። አሳድረኝ።»

በአያ ኩሬ ቤት ወግ አለ። እንግዳ ሲመጣ ጠብታዎቹ ስድስት ስድስት ሆነው ይከቡታል፣ እጁን ይይዛሉ። እንግዳው ሳይሸኝ የያዘው ጠብታ ከቤት አይወጣም። መቼ ትሄዳለህ ተብሎም አይጠየቅም።

አሞሌው ገባ። ገብቶ ተፈረፈረና ሺህ ሆነ። ለእያንዳንዱ ስድስት ጠብታ ቆመለት።

«አልከበደህም?» አለ አባ ይርዳው፣ ውሃውን ቀምሶ።

«ምን ይከብደኛል? ቤቴ ሰፊ ነው።»

እንዲያውም መብረቅ በውሃው በኩል ወደ ማዶ መልእክት ሲሰድ እንግዶቹ ከዳር እስከ ዳር እየሮጡ ያደርሱለት ነበር።

በሳምንቱ አሞሌው ወንድሞቹን ጠራ። «ወንድሞቼ ናቸው፤ ደጅ ላስቀራቸው?» አለው ኩሬውን።

ገቡ። አያ በሬ መጣና አንዴ ተጎንጭቶ ተፋ።

«ይህ ውሃ ነው ወይስ ወጥ?»

«የእንግዳ ጣዕም ነው። ልመደው።»

«አንተው ልመደው» አለና ጅራቱን እየወዘወዘ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት አሞሌው አማቾቹን ጠራ። አሁን ለአንድ እንግዳ ስድስት ጠብታ ማቆም ቀረ። አራት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ ሁለት ሆነ። እጁ ባዶ የሆነ ጠብታ ጠፋ። ኩሬው እንደ ማር ከበደ። መብረቅ የሰደደው መልእክት መሀል ላይ ቀረ፤ መልእክተኞቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው መተላለፊያ አጡ።

አባ ይርዳው ሁለት እንስራ ቀድቶ ማሽላውን አጠጣ። በማግስቱ ያጠጣው ሁሉ ጠወለገ። ያ ውሃ ሥሩን አላጠጣም፤ በሥሩ ያለውን ውሃ ጠጣው። ገበሬው መጥቶ ከኩሬው ዳር ቆመ።

«አያ ኩሬ፣ አንተን ብዬ ነው የዘራሁት። አምስት ልጆች አሉኝ። አፈር ይብሉ?»

አያ ኩሬ አፈረ። ፀሐይን ጠራ።

«እመት ፀሐይ፣ አንሺኝ። ዝናብ ሆኜ ልውረድለት።»

ፀሐይ ሳበች። አልነቃነቅ አላት።

«ድሮ ስነካህ ትነሣ አልነበረም?»

«እጄ ተይዟል።»

«ማን ያዘህ?»

«እንግዳ።»

«እንግዳ ነው ወይስ ባለቤት?» አለች።

አያ ኩሬ ወደ አሞሌው ዞረ። «ጥቂት ጠብታ ልቀቅልኝ። ማሽላው እየሞተ ነው።»

«የያዛችሁን እናንተ ናችሁ» አለ አሞሌው፣ ተደላድሎ። «ደግሞስ ወግ ልታፈርስ ነው? አገር ምን ይልሃል?»

ይህን ሲሰማ አያ ኩሬ ተቆጣ።

«ወጉ የወጣው ለተቸገረ ነው፤ ቤት ለሚወርስ አይደለም። በሬ ተፋኝ። ሰው አዘነብኝ። ያንተ ዘመድ በመጣ ቁጥር የኔ ጎረቤት ተጠማ። እኔ መከራዬን ሳይ አንተ ስለ ወግ ታስተምረኛለህ?»

ጠብታዎቹን ጠራ። «እጅ ልቀቁ።»

«ነውር አይሆንም?» አሉት።

«ነውሩ የኔ ይሁን።»

ፀሐይ ባላት ኃይል ሁሉ ሳበች። ጠብታ በጠብታ፣ በግድ እየተላቀቀ ወጣ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። የሚይዛቸው ያጡት እንግዶች እርስ በርስ ተያይዘው ድንጋይ ሆኑና ታች ቀሩ። አያ ኩሬ የተወለደበትን ጉድጓድ ተወላቸው። ደመና ሆነ፣ ከማሽላው በላይ ቆመ፣ ወረደ። ግማሹ ማሽላ ተረፈ። ግማሹ አልተረፈም፤ ዘግይቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማዶ ሌላ ጉድጓድ ፈልጎ ተኛ። እንግዳ ዛሬም ይቀበላል። ግን ከደጅ «ስንት ናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለገበሬው የሚሆን ጠብታም አስቀድሞ ለይቶ ያስቀምጣል።

እጁን ሁሉ ለእንግዳ የሰጠ፣ ለጎረቤቱ የሚዘረጋው እጅ የለውም።