የንብ አናቢው ልጅና የእማማ ዘርፌ ከዘራ

አንድ ንብ አናቢ ነበር። እንዳላማው ይባላል። አርባ ዓመት ከንብ ጋር ኖሯል፤ ሲነድፈው እንኳ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የሚል ሰው ነው። በአገሩ ከእሱ በላይ ትዕግሥተኛ አልነበረም። ቤቱ ሲገባ ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት ደጅ ይቀራል። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ልጁ መንበሩ ነው።

መንበሩ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከተማ ሄዶ ተማረ፣ ጨረሰ፣ ሥራ ፈለገ፣ አጣ። ሁለት ዓመት ደጅ ሲጠና ከርሞ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰና፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ይኸው ሰባት ወሩ። የዚያን ግድግዳ ስንጥቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አባት ማለዳ በሩን ያንኳኳል። «ተነሳህ?» ይላል። ረፋድ ላይ ይመለሳል። «አሁንስ?» ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «የጎረቤታችን የታከለ ልጅ ሱቅ ከፈተ አሉ» ብሎ ይሄዳል። በማግሥቱ ያው የታከለ ልጅ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው። እናቱ ጠጅቱ በበኩሏ፣ «ልጄ አንጀቱ እንዳይታጠፍ» እያለች ቁርሱንም ምሳውንም ራቱንም አልጋው ድረስ ትወስድለታለች። መንበሩ እጁን ከጋቢው ያወጣል፣ ይጎርሳል፣ እጁን መልሶ ይከታል። አይ እናት! ልጇ የሚበላበትን እጅ እንጂ ፊቱን ካየች ወር አልፏታል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ መንበሩ ሰነፍ አልነበረም። ያፈረ ልጅ ነበር። ሁለት ጊዜ ለመነሳት ሞክሯል። የመጀመሪያው ቀን ማንም ሳያየው መጥረጊያ አንስቶ ግቢውን ይጠርግ ጀመር። እናቱ በመስኮት አየችውና እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ «ማን ተዳረ?» እያለ ሮጦ መጣ። መንበሩ መጥረጊያውን ጥሎ ገባና ዘጠኝ ቀን ተኛ። ሁለተኛው ጊዜ ከጓሮ ቁጭ ብሎ ከቀርከሃ ቀፎ መሥራት ጀመረ። ግማሽ እንደደረሰ አባቱ መጣና፣ «ወዲያ በል፣ እንዲህ አይደለም! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ከእጁ ነጠቀው። መንበሩ ገብቶ ተኛ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠጅቱ አልጋው ሥር ስትጠርግ የታሰረ ቦርሳ አገኘች። በውስጡ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ዳቦና የልጁ ጫማ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሊሄድብን ነው» አለችው ባሏን። «ዝም ብንለው እዚሁ ይበሰብሳል፤ ብንናገረው ይኮበልላል። ምን ይሻለናል?» እንዳላማው ያን ቀን በሩን ሊያንኳኳ ሄዶ እጁን አንስቶ ቆመና፣ ፈርቶ ተመለሰ።

በመንደሩ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ሰባት ልጆች አሳድገው፣ ባላቸውን በስምንተኛ ጨምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ናቸው። እንዳላማው ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ስለ ልጁ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ «ተነሥ፣ ንቦችህን አሳየኝ» አሉት።

እንዳላማው ግራ ቢገባውም ደስ አለው። ስለ ንብ ከጠየቁት ራቱንም ይረሳል። «ትናንት የሰፈረ መንጋ አለኝ» እያለ ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ ሥር ወሰዳቸው። እማማ ዘርፌ ቀና ብለው አዩና በከዘራቸው ቀፎውን ኳ ኳ አደረጉት።

«እናንተ! ተነሳችሁ?» አሉ።

እንዳላማው ዓይኑን ማመን አቃተው። «እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ማር ሠርተው እንደሆነ ልጠይቅ እንጂ። ከትናንት ጀምሮ ምን ሲሠሩ ነው?» ብለው ደገሙት፤ ኳ ኳ ኳ። «የታከለ ቀፎ ሞልቷል አሉ፤ ሰማችሁ? ሁለተኛው ሊሞላ ነው!»

«በእግዚአብሔር ይተዉ!» ብሎ ከዘራውን ያዘባቸው። «አዲስ የሰፈረ ንብ ከተነካካ ይኮበልላል። ደግሞ ንብ በጎረቤት ንብ ይሰደባል እንዴ?»

«አይሰደብም?»

«አይሰደብም! የእኔ ሥራ ቀፎውን በወይራ ማጠን፣ ጉንዳን መከላከል፣ ከዚያ መራቅ ነው። መግባትና መሥራት የንቡ ነው።»

«ከራቅህ ታዲያ መኖሩን በምን ታውቃለህ?»

«ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ እሰማዋለሁ። ደህና ይሁን፣ ይከፋው፣ ሁሉንም ከድምፁ አውቃለሁ።»

እማማ ዘርፌ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና ዓይን ዓይኑን አዩት። «ልጅህንስ አንድ ቀን ሰምተኸዋል?»

እንዳላማው፣ «እኔ እንጃ እማማ። ብዙ ተናግሬዋለሁ። ሰምቼውስ አላውቅም» አለ።

እሳቸውም ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አንድ ነገር ልጨምርልህ። ንብህን ማር ታበላዋለህ?»

«ክረምቱ ሲጠናበት ጥቂት እሰጠዋለሁ። ሁልጊዜ ካበላሁትማ አበባ ፍለጋ ለምን ይወጣል?»

«በል ይህችን ለጠጅቱ ንገራት» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። መንጋው በማግሥቱ ኮበለለ። እማማ ዘርፌ ይህን ሲሰሙ፣ «የምክሬ ዋጋ ነው» አሉ።

እንዳላማው ምክሩን በሰማበት ዕለት በሩን አላንኳኳም። ልጁ አልጋ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና፣ «ልጄ፣ ከተማ ምን ገጠመህ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ዝም አለ። እንዳላማው አሥራ አንድ ምክር ምላሱ ላይ መጥቶበት አሥራ አንዱንም ዋጠ፤ አሥራ ሁለተኛው ሲመጣ የራሱን ጋቢ ጫፍ ነከሰ። በመጨረሻ ልጁ ከግድግዳው ሳይዞር ተናገረ። በስንት ቢሮ ደጅ እንደቆመ ነገረው። የአንዱ ቢሮ ዘበኛ በስሙ እየጠራ «ዛሬም መጣህ?» ይለው ጀመር። ወረፋ የሚጠብቁት ሲስቁ መንበሩም አብሮ ይስቅና፣ ወደ ኪራይ ቤቱ ገብቶ ያለቅስ ነበር። «የአባቴ ማር ተሸጦ ተምሬ ባዶ እጄን መጣሁ» አለና ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። እንዳላማው «ይከብዳል» ብቻ አለ። ሲነሳም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ምሳ የምንበላው አብረን ነው፣ ገበታ ላይ» አለና ወጣ።

የመጀመሪያው ቀን መንበሩ ለምሳ አልመጣም። ጠጅቱ ሳህን ይዛ ሦስት ጊዜ ተነሳች፣ ባሏ ሦስት ጊዜ ቀሚሷን ይዞ አስቀመጣት። በሁለተኛው ቀን መጣ። ጸጉሩ እንደ ሣር ቆሟል፣ ፊቱ ላይ የትራስ ሰንበር አለ። ተቀመጠ። ማንም «እሰይ» አላለም፤ እንዳላማው «ጨው አቀብለኝ» ብቻ አለው። ወጡ በቂ ጨው ነበረበት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንታት አለፉ። አንድ ማለዳ መንበሩ ያን የተነጠቀውን ግማሽ ቀፎ አንስቶ ይሠራ ጀመር። አባቱ አየው። እጁ በላው። ሁለቱን እጆቹን ቂጡ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው። ቀፎው አለቀ፤ በአንድ ወገን ያበጠ፣ በሌላው የጎበጠ፣ ጥርሱን ያመመው ሰው የሚመስል ቀፎ።

«አባዬ፣ ጠማማ ነው አይደል?» አለ መንበሩ።

«ጠማማ ነው» አለ እንዳላማው፤ ውሸት አይወድም። «ግን በአርባ ዓመት ውስጥ ውሃ ልክ ይዞ የመጣ ንብ አላየሁም። ና እንስቀለው።»

አብረው በወይራ አጠኑት፣ አብረው ሰቀሉት። ከዚያ ራቁ። መራቁ ከልጁ ይልቅ አባቱን አስቸገረው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መንበሩ ሮጦ መጣ። «ገባ! መንጋ ገባ!» አለ። እንዳላማው እስከ ዛሬ ያው ከእማማ ዘርፌ ከዘራ የኮበለለው መንጋ ነው ይላል፤ በምን እንዳወቀው ግን አይናገርም። ጠጅቱ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ እንባዋ ይወርዳል። ዓይኗ ግን ወርዶ ያረፈው የልጇ እግር ላይ ነበር። ከአልጋው ሥር ከቦርሳው የወጣው ጫማ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

መንበሩ እናቱን አየና ሳቀ። «እማዬ፣ አሁን ይቻላል» አላት።

እልልታዋ ሰባት ቤት ተሰማ። ጎረቤት እንደገና ሮጦ መጣ፤ «አሁንስ ማን ተዳረ?» እያለ። «ማንም አልተዳረም» አለ እንዳላማው፣ «ንብ ገብቶልን ነው።»

ወገኖቼ፣ የወደቀ ልጅ ቤቱ ሲመለስ አዲስ እንደሰፈረ ንብ ነው። ቤቱን አጥኑለት፣ ጉንዳኑን ጠብቁለት፣ ገበታው ላይ ቦታውን አትንፈጉት። ሥራውን ግን አትንጠቁት፤ በጎረቤት ልጅም አትውቀጡት። ከሁሉ በፊት ስሙት። እንግዲህ እርስዎስ? ዛሬ የልጅዎን በር ስንት ጊዜ አንኳኩ? ቁጭ ብለው ያዳመጡትስ ስንት ጊዜ ነው?